የኢንተርኔት መዝገብ ሠራተኞች ምርመራና የቀጠሮ መዘግየት

በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ባለጉዳይ ሆኖ የቆመ ሰው ሁሉ «ነገ ተመለስ» የምትባለውን ቃል ያውቃታል። ይህች ቃል በእኛ አገር ብቻ የምትነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። የዓለምን የኢንተርኔት ስሞች የሚያስተባብረውና መቀመጫው በሎስ አንጀለስ የሆነው አይካን የተባለው ድርጅትም ብሏታል፤ ያውም ለእያንዳንዱ ማመልከቻ 185,000 ዶላር ለከፈሉ ባለጉዳዮች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት አድራሻ መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ የሚጻፈው ስም፣ ለምሳሌ ኮም ወይም የኢትዮጵያ የሆነው ኢቲ፣ እያንዳንዱ የራሱ መዝገብ አለው። መዝገቡን በስሙ ያስፈቀደው አንድ ከተማ ወይም አንድ ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያከናውንለት በሙያው የሠለጠነ ሌላ ድርጅት ነው። ይህ ድርጅት አዳዲስ ስሞችን ይመዘግባል፤ «ይህ ስም የት ይገኛል?» እያሉ ከዓለም ዙሪያ ለሚጠይቁ ኮምፒዩተሮች ሌሊትና ቀን መልስ ይሰጣል፤ መልሱም እንዳይጭበረበር በምሥጢር ፊርማ ያትመዋል። እርሱ የወደቀ እንደ ሆነ በመዝገቡ ሥር ያለው ድረ ገጽና የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ሁሉ አብሮት ይወድቃል። ስለዚህም አይካን በአደጋ ጊዜ መዝገብ የሚረከቡ ድርጅቶችን አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ በ2010 ዓ.ም. ዌድ የተባለው መዝገብ ለዚህ ዓይነት ተረካቢ ተላልፎ ነበር። እንግዲህ የሠራተኛው ችሎታ ምርመራ ረዘመ ተብሎ በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም።

በ2004 ዓ.ም. በተደረገው ታላቅ ዙር የማመልከቻ መቀበያው ጥር 3 ቀን ተከፍቶ ሚያዝያ 4 ቀን እንዲዘጋ ተቀጥሮ ነበር። በመዝጊያው ዕለት ግን አንዳንድ አመልካቾች የሌሎችን የሰነድ ስም ለማየት እንደ ቻሉ ስለ ታወቀ ሥራው ተቋረጠ። መቀበያው እንደገና የተከፈተው ግንቦት 14 ሲሆን የተፈጸመው ግንቦት 22 ቀን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መዘግየት የሚያስወቅስ አይደለም። የአንዱ ምሥጢር በሌላው እጅ ሲገባ ያየ ጸሐፊ በመጀመሪያ መሳቢያውን መቆለፍ አለበት፤ ቀጠሮው ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

የሚያስወቅሰው ቀጥሎ የመጣው ነው። የቀረበው ማመልከቻ 1,930 ደረሰ። ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ መመርመር ስለማይቻል በአምስት መቶ በአምስት መቶ ሊከፈል ታሰበ። ታዲያ ማን ይቅደም? አይካን «ዲጂታል ቀስት» የሚል ውድድር አመጣ። አመልካቹ አስቀድሞ የመረጠው ሰዓትና ደቂቃ ሲደርስ በኮምፒዩተሩ ላይ ይጫናል፤ ለተመረጠው ቅጽበት ይበልጥ የቀረበ ወረፋውን ያገኛል። የአመልካቹ ችሎታ ወይም የጉዳዩ ክብደት በዚህ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ቅሬታው ስለ በዛ ሰኔ 16 ቀን ታገደ፣ ኋላም ተሻረ። በመጨረሻ ታኅሣሥ 8 ቀን 2005 ዓ.ም. የዓለምን የኮምፒዩተር ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት፣ ለአንዱ ማመልከቻ አንድ መቶ ዶላር የተሸጠ የወረቀት ዕጣ በእጅ እያወጣ ወረፋውን ወሰነ። ከላቲን ሌላ በሆነ ፊደል የተጻፉት ስሞች ቅድሚያ ስለ ተሰጣቸው ጥቅምት 13 ቀን 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የገቡት አንድ የዓረብኛ፣ ሁለት የሩሲያ ፊደልና አንድ የቻይና ስሞች ሆኑ።

ወረፋውን ያረዘመው የማመልከቻው ብዛት ብቻ አልነበረም። ዶናትስ የተባለ ኩባንያ ብቻውን 307 ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። የመዝገቡን ሥራ የሚሠራለት ያው አንድ ድርጅት ሆኖ ሳለ ችሎታው በየማመልከቻው ተጽፎ ይቀርብ ነበር። አንድን መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር መኪና በለወጠ ቁጥር እንደገና እንደ መፈተን ማለት ነው።

ለአዲሱ ዙር መላው ተለወጠ። ሠራተኛው ድርጅት 92,000 ዶላር ከፍሎ ራሱን ችሎ አንድ ጊዜ ይመረመራል፤ ካለፈ በኋላ የፈለገ አመልካች ሁሉ ሊቀጥረው ይችላል። የመጀመሪያው መቀበያ ከኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ግንቦት 12 ቀን ክፍት ነበር። ለስሞቹ ማመልከቻ መቀበያ መክፈቻ የተቆረጠው ቀን ደግሞ ሚያዝያ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በሁለቱ መካከል ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መተዉ ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ይመስለኛል፤ ምርመራው ቢዘገይ የሚበላው ይህን ትርፍ ጊዜ ነው እንጂ የአመልካቹን ቀጠሮ አይደለም። ከዚህም ሌላ ድርጅቶቹ ከዋናው ፈተና በፊት መሣሪያቸውን የሚሞክሩበት ሥፍራ ተዘጋጀላቸው፤ ስሕተቱን እዚያው ያረመ መርማሪውን ሁለት ጊዜ አያደክምም። ላልደረሱትም በዙሩ ጊዜ ሁለተኛ መቀበያ ታቅዶላቸዋል፤ ስለዚህ የዘገየውን ለመጠበቅ ሲባል የቀደመው አይቆምም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ሥርዓት የራሱ አደጋ አለው። ቀድሞ የአንዱ ምርመራ ቢዘገይ የሚጎዳው ያ አንዱ ማመልከቻ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ሠራተኛ ድርጅት ቢዘገይ እርሱን የመረጡት ሁሉ አብረው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ያለፉት ድርጅቶች ዝርዝር በጊዜው መውጣቱ፣ ካልወጣም አዲሱ ቀን ሳይውል ሳያድር መነገሩ ከፈተናው ያላነሰ ዋጋ አለው። ገንዘብ ለመበደርና ሰው ለመቅጠር የሚያስበው አመልካች ሒሳቡን የሚሠራው በዚያ ቀን ነው።

በ2006 ዓ.ም. ከገቡት ከእነዚያ ስሞች መካከል በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አልነበረም። የፊደላችን ደንብ በዓለም አቀፉ የስሞች ሥርዓት ውስጥ የተካተተው በ2009 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በግዕዝ ፊደል ስም ለማስፈቀድ የሚነሣ ሰው ቢኖር በመጀመሪያ የሚመለከተው ያለፉትን ድርጅቶች ዝርዝር ነው፤ ቀጥሎ የሚጠይቀውም ከእነርሱ ውስጥ ፊደላችንን ለማስተናገድ የተዘጋጀው የትኛው እንደ ሆነ ነው።