ጥርስ ለማቃናት ዕድሜ ያልፋል?

የጥርስ ማስተካከያ ብረት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የ12 ዓመት ልጅ ነው። ስለዚህ እኔ በ61 ዓመቴ ብረት ሳስር ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሳቀ። «አሁን ደግሞ ልትዳሪ ነው?» ያለችኝም አለች። ታላቅ እህቴ ግን «የጡረታ ብርሽን በጥርስ ልትጨርሺው ነው?» ስትል ከልቧ ተጨንቃ ነበር።

ነገሩ የቁንጅና አልነበረም። በወጣትነቴ ገጠር ጤና ጣቢያ ተመድቤ ስሠራ አንድ የታች መንጋጋዬ ታሞ ተነቀለ። ያኔ በአካባቢው የነበረው ሕክምና መንቀል ብቻ ነው። ጥርስ ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከኋላ ያለው መንጋጋ ወደ ክፍተቱ ጋደለ፤ የላይኛውም የሚገጥመው ስላጣ ወደ ታች ወረደ። ከዓመታት በኋላ በአንድ ጎን ብቻ የማኝክ፣ ምግብ በተሰነቀረ ቁጥር ድዴ የሚደማ ሰው ሆንኩ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላስተክል ብሄድ ሐኪሙ «የጋደለው ካልተቃና ማስቀመጫ ቦታ የለም» አለኝ። ያለኝ ምርጫ ሌላ ጥርስ ማስነቀል ወይም ያለውን ማቃናት ነበር።

በዚህ ዕድሜ ጥርስ እንዴት ይንቀሳቀሳል ትሉ ይሆናል። ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ሚስማር የተመታ አይደለም። ሥሩን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙ ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ብረቱ ጥርሱን በቀስታ ሲገፋው በተጫነበት በኩል ያለው አጥንት እየሟሟ ቦታ ይለቅቃል፤ በሌላው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ተፈጥሯዊ ሥራ በአዋቂ ላይ ዘገም ይላል እንጂ አይቆምም። ጥርስ በወር የሚጓዘው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነውና ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይወስዳል። የእኔ 20 ወር ፈጀ።

ከዕድሜ ይልቅ ወሳኙ የድድ ጤና ነው። ድዱ የታመመ፣ አጥንቱ የሸሸ ሰው ብረት ቢያስር ጥርሱ ሊነቃነቅና ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ራጅ ተነሡ፤ ድዳችሁን አስመርምሩ፤ የተጠራቀመውን ቆሻሻ አስጠርጉ፤ የተቦረቦረውን አስሞሉ። የስኳር ሕመም ካለባችሁ፣ ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወይም የምታጨሱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣችሁ ያደጋችሁ ደግሞ ይህንን ዕወቁ፦ ብረት ጥርስን ያቃናል እንጂ ቡናማውን ቀለም አያነጣም።

ብረቱ በታሰረ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀናት ያማል። እኔ አጥሚትና ገንፎ፣ ቀጥሎም በሽሮ የራሰ ፍትፍት እየበላሁ አሳለፍኩት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራና አጥንት መጋጥ ግን እስከ መጨረሻው ተከለከልኩ፤ ብረቱን ይነቅሉታል። መፋቂያ የለመዳችሁም ከሽቦው ሥር ስለማይደርስ ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ከምግብ በኋላ ሁሉ ማጽዳት ግድ ነው፤ አለበለዚያ ብረቱ ሲነሣ የተቃና ግን የተቦረቦረ ጥርስ ይጠብቃችኋል።

ስለ ክፍያ ስትነጋገሩ ብረት ማሰሪያውን ብቻ አትጠይቁ። በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ የሚደረገው ክትትል፣ ማንሻውና በኋላ የሚደረገው ማቆያ ተደምሮ ስንት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሐኪሙ በዚህ ሙያ ልዩ ሥልጠና እንዳለው መጠየቅም መብታችሁ ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። ወጪው ከበዳችሁ ደግሞ ጊዜ ወስዳችሁ ቆጥቡ እንጂ በላስቲክ በቤት ውስጥ ጥርስ ለማገጣጠም አትሞክሩ። ላስቲኩ ሳይታይ ከድድ ሥር ገብቶ ደህናውን ጥርስ ሊያስወልቅ ይችላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመጨረሻውን ክፍል ነው። የተቃና ጥርስ የቀድሞ ቦታውን አይረሳም። ማቆያውን ያልተጠቀመ ሰው የሁለት ዓመት ድካሙና ገንዘቡ ቀስ በቀስ ሲመለስበት ያያል። የእኔን ማቆያ ማታ ማታ አደርገዋለሁ፤ በሕይወት እስካለሁም አልተወውም።

የጋደለው መንጋጋዬ ቆሟል፤ በክፍተቱ ላይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ገብቷል። ዛሬ በሁለቱም ጎን አኝካለሁ፤ ድዴም አይደማም። በ40ም ሆነ በ60 ዓመታችሁ ማኘክ ከተቸገራችሁ ወይም ስትስቁ አፋችሁን በእጃችሁ የምትሸፍኑ ከሆነ፣ «አልፎብኛል» ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ታዩ። እስከዚያው ከቤተሰባችሁ ጥርስ የተነቀለለት ካለ ክፍተቱ በጊዜ እንዲታይለት አሳስቡት፤ የጎረቤቱ ጥርስ ሳይጋድል መተካት ይቀላል።