ሞዴሉ በየትኛው ሰከንድ ላይ ነው?

በአየር መንገድ ትኬት ቢሮዎች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡትን ትንንሽ አውሮፕላኖች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ ጎማ የላቸውም። ሆዳቸው ልሙጥ ነው፤ አፍንጫቸው ትንሽ ቀና ብሎ፣ ከሥራቸው በወጣ አንድ ዘንግ ላይ ቆመዋል። ለማስታወቂያ ያሠራቸው ሰው አውሮፕላን የሚያምረው ሲበር መሆኑ ገብቶታል። ከሳጥን ቁርጥራጭ ፕላስቲክ አውጥቶ እየሞረደ፣ በሙጫ እያጣበቀና ቀለም እየቀባ ለሳምንታት የሚለፋው ሞዴል ሠሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላኑን በጎማው መደርደሪያ ላይ ያቆመዋል። ዛሬ የምጽፈው ይህን ልማድ ለመሞገት ነው። በበረራ ላይ እንዳለ ተደርጎ የሚሠራ ሞዴል ከሌላው የሚለየው ጎማው በመታጠፉ ብቻ አይደለም። ሠሪውን “ይህ አውሮፕላን በዚህች ሰከንድ ምን እያደረገ ነው?” ብሎ ይጠይቀዋል። ይህን ጥያቄ የመለሰ ሞዴል፣ ካልመለሰው ይልቅ ለእውነተኛው አውሮፕላን ይቀርባል ብዬ አምናለሁ።

መነሻዬ ቀላል ነው፤ መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላንና አየር ላይ ያለ አውሮፕላን ቅርጻቸው አንድ አይደለም። መሬት ላይ ክንፉ የራሱንና በውስጡ የተሞላውን ነዳጅ ክብደት ይዞ ወደ ታች ያዘነብላል። አየር ላይ ደግሞ መላውን አካል የሚሸከመው እሱ ስለሆነ ጫፉ ወደ ላይ ይነሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከክንፉ አጠገብ በመስኮት በኩል የተቀመጠ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ሲንደረደር ጎማዎቹ መሬት ሳይለቁ ክንፉ አስቀድሞ ወደ ላይ ሲለጠጥ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦይንግ በመሬት ላይ ባደረገው የጥንካሬ ሙከራ፣ በአገልግሎት ላይ ሊገጥመው ይችላል ከተባለው ትልቁ ጫና አንድ ተኩል እጥፍ ሲጫንበት የክንፉ ጫፍ ወደ 7.6 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተነሥቷል። በ1/144 ስኬል፣ ማለትም 144 ጊዜ ሲያንስ፣ ይህ 5.3 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ያውም ከጫፍ እስከ ጫፍ 42 ሴንቲሜትር በማይሞላ ሞዴል ላይ። በተለመደ በረራ ክንፉ ያን ያህል አይታጠፍም። ቢሆንም ከሳጥን እንደወጣ ቀጥ ያለ ክንፍ የተገጠመለት 787 ዘንግ ላይ ሲቀመጥ፣ ምክንያቱን መናገር የማይችል ተመልካች እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል። ለቢ-52 ቦምብ ጣይ በክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች የተደረጉለት፣ ነዳጅ ሲሞላ ክንፉ ወደ መሬት ስለሚወርድ ነው። ሄሊኮፕተርም እንዲሁ ነው፤ ሲቆም የተንጠለጠሉት ረጃጅም ምላጮቹ ሲሽከረከሩና ሲሸከሙ ወደ ላይ ቀና ይላሉ። ከሥር ያሉት የጎማ እግሮችም በክብደት ተጨምቀው ያጥራሉ፤ አውሮፕላኑ መሬት በለቀቀ ቅጽበት ደግሞ ተለጥጠው ይረዝማሉ። ስለዚህ ጎማውን ዘርግቶ ሊያርፍ ሲል የሚያሳይ ሞዴል የሚሠራ ሰው፣ ለመቆሚያ ተብሎ የተቀረጸውን አጭር እግር እንዳለ ቢለጥፍ ስህተት ይሠራል።

“ምን እያደረገ ነው?” የሚለው ጥያቄ ካልተጠየቀ መሬት ላይ የሚቆመው ሞዴል ራሱ ይሳሳታል። የእንግሊዙን ተዋጊ ስፒትፋየርን እንውሰድ። በየኤግዚቢሽኑ ፍላፑን፣ ማለትም ለማረፍ የሚወርደውን የክንፉን የኋላ ክፍል፣ ወደ ታች አውርዶ የቆመ ስፒትፋየር ታያላችሁ፤ ውስጡ የተሠራበት ጥንቃቄ እንዲታይ ነው። እውነተኛው አብራሪ ግን ካረፈ በኋላ ፍላፑን ቶሎ ይመልሰው ነበር፤ ወርዶ የተተወ ፍላፕ ከክንፉ ሥር ላለው ራዲያተር የሚደርሰውን አየር ያውካልና። የአሜሪካው ፒ-51 ሙስታንግ ተቃራኒው ነው። ቆሞ ሲቆይ የሃይድሮሊክ ግፊቱ ስለሚሟሽሽ የውስጠኛው ጎማ መዝጊያዎችና ፍላፖቹ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። እንግዲህ አንዱ ቆሞ ፍላፑ ይወርዳል፣ ሌላው አይወርድም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው አውሮፕላኑ ምን ላይ እንደነበር ያሰበ ሠሪ ነው።

ታሪኩም ወደዚሁ ያደላል። ዛሬ በሞዴል ዓለም እጅግ የተለመደው 1/72 ስኬል በፕላስቲክ መልክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ፍሮግ በተባለው የእንግሊዝ ምርት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ይኸው ስኬል ከጨዋታ ያለፈ ሥራ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተማሪዎች ከእንጨት 500,000 የ1/72 ሞዴሎች እንዲሠሩለት ትምህርት ቤቶችን ጠየቀ። ሞዴሎቹ ጥቁር ተቀብተው ወታደሮች የወዳጅንና የጠላትን አውሮፕላን በጥላው ብቻ መለየት እንዲማሩ አገለገሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የ1/72 ሞዴል በ10 ሜትር ርቀት ሲታይ፣ እውነተኛው በ720 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ እንደሚታየው ያህል ነው። አብዛኞቹ ጎማ ቢኖራቸው ኖሮ ለዚያ ትምህርት አይጠቅሙም ነበር፤ ሰማይ ላይ የሚመጣው ጠላት በአብዛኛው ጎማውን አጥፎ ነው የሚመጣው። ከጦርነቱ በኋላ ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ የሞዴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 የመጀመሪያውን ስፒትፋየር በዚሁ ስኬል አወጣ፤ ለብዙ ዓመታትም የኤርፊክስ ሳጥኖች ውስጥ ከፕላስቲክ የተሠራ ማቆሚያ አብሮ ይገኝ ነበር። ሞዴልን በበረራ ላይ ማሳየት እንግዲህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም፤ ጥንት የነበረና በኋላ የተተወ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባና ያንኑ ስፒትፋየር በበረራ ላይ እንገጣጥመው። የእውነተኛው ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው፤ በ1/72 ደግሞ 15.6 ሴንቲሜትር፣ በመዳፍ የሚያዝ። መጀመሪያ የሚወሰነው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ሰከንዷ ናት። ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲጀምር ነው? ከሆነ የግራው ክንፍ ኤለሮን (በክንፉ ጫፍ በኩል የኋላ ጠርዙ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች መሆን አለበት፤ የአብራሪው መሪ ዘንግም ወደ ግራ ያዘነብላል። በስፒትፋየር ደግሞ ወደ ጎን የሚታጠፈው የዘንጉ የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነገር ሰው የሚማረው ሰከንዷን ሲመርጥ ነው። ወይስ መታጠፉን ጨርሶ በ60 ዲግሪ አዘንብሎ እየዞረ ነው? ያን ጊዜ ኤለሮኖቹ ወደ መሃል ተመልሰዋል፤ ጭራው ላይ ያሉት ኤሌቬተሮች ግን በትንሹ ወደ ላይ ቀና ብለዋል፤ አብራሪው ዘንጉን ወደ ራሱ ስቧልና። በበረራ ላይ በሚሠሩ ሞዴሎች ደጋግሞ የሚታየው ስህተት እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ክፉኛ አዘንብሎ ሳለ ኤለሮኖቹም ጨርሰው ተዘርግተው ይለጠፋሉ፤ ሞዴሉ እየዞረ ይሁን እየተገለበጠ አይታወቅም። ከፍታውን ሳይለቅ በ60 ዲግሪ የሚዞር አውሮፕላን ውስጥ ያለ ሰው ክብደቱ እጥፍ ይሆንበታል፤ የ80 ኪሎ ሰው 160 ኪሎ ሆኖ ወንበሩ ላይ ይጫናል። ታዲያ ከሳጥኑ የወጣው አብራሪ ፊት ለፊት እያየ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ከተቀመጠ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። አንገቱን በስስ መጋዝ ቆርጦ ወደሚዞርበት አቅጣጫ መመለስና እጁን ወደ ዘንጉ ማድረስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከየትኛውም የቀለም ጥበብ በላይ ለሞዴሉ ሕይወት የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ፕሮፔለሩ ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ነው። የስፒትፋየር ሞተር ሜርሊን ሙሉ ኃይሉን ሲሰጥ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ በጥርስ ማርሽ አማካይነት የሚደርሰው የዚህ 0.477 እጅ ነው፤ በደቂቃ 1,430 ገደማ ወይም በሰከንድ 24 ዙር ማለት ነው። ይህን ዓይን ተከታትሎ አይለየውም፤ የሚያየው ቀጭን ጥላ ያለበት ክብ ነው። በ1/250 ሰከንድ የተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ እያንዳንዱ ምላጭ 34 ዲግሪ ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ጎማው ታጥፎ፣ አብራሪው ተቀምጦ፣ ሦስቱ ምላጮች ግን ቀጥ ብለው የቆሙበት ስፒትፋየር ሞተሩ የጠፋበት አውሮፕላን ነው፤ ሠሪው ያን ሊናገር ካልፈለገ በቀር ስህተት ነው። ከግልጽ ፕላስቲክ ክብ ቆርጦ መግጠም አንዱ መፍትሔ ነው፤ ጉድለቱ ግን ክቡ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሰዓት መስታወት ማብለጭለጩ ነው። ከዚያ የሚሻለው እጅግ ስስ የሆነውን ግልጽ ፕላስቲክ በደበዘዘ ቀለም ማደብዘዝና ዳሩ ላይ ቢጫ ቀለበት በጭላንጭል ማስመር ነው፤ የእንግሊዝ ፕሮፔለሮች ጫፋቸው ቢጫ ስለነበር ሲዞሩ የሚታየው ያ ቀለበት ነበር። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያስገቡም አሉ፤ ማደብዘዙን ለተመልካቹ ዓይን ስለሚተው ከሁሉም የተሻለ መንገድ ይመስለኛል። ያም ካልተቻለ ምላጮቹን ጨርሶ አለመግጠም ከቆሙ ምላጮች ይሻላል።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ። አንዱ፣ “ጎማ ማጠፍ ከሥራ መሸሽ ነው፤ የሞዴሉ ጥበብ ያለው እግሮቹና የጎማ ክፍሎቹ ላይ ነው” ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ትላልቅ ኩባንያዎች ለጎማ ክፍል የሚሰጡት ዝርዝር ቅርጽ ድንቅ ነው፣ በውድድርም ዳኞች ጎማዎቹ በእኩል መቆማቸውን ይመለከታሉ። ግን ሥራ ቀለለ የሚለው አያስኬድም። የጎማ መዝጊያዎች በአብዛኛው የሚቀረጹት ክፍት ሆነው እንዲለጠፉ ነው፤ ለመዝጋት ስትሞክሩ አንዱ ይጠባል፣ ሌላው ይሰፋል፣ ሌላው ከሆዱ መስመር ወጣ ይላል። ከውስጥ የፕላስቲክ ድጋፍ መለጠፍ፣ በስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፣ የጠፋውን የመጋጠሚያ መስመር መልሶ መቅረጽ ያስፈልጋል፤ የተዘጋ መዝጊያ ስህተት የሚደበቅበት ጥላ የለውም። ደግሞ ሁሉም ጎማ ጨርሶ አይታጠፍም። በቀደሙት ስፒትፋየሮች የጭራዋ ጎማ በበረራም ከውጭ ናት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረበት የሲ-47 ዳኮታ ትላልቅ ጎማዎች ሲታጠፉ ግማሽ አካላቸው ከሞተሩ ሽፋን ሥር ወጥቶ ይቀራል። ዳኮታን ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሆድ ሰጥቶ ማሳየት፣ በጎማው አቁሞ ከማሳየት የከፋ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠልቃል። “መሬት ላይ የቆመ ሞዴል አይዋሽም፤ እውነተኛውም ቆሟል፣ እሱም ቆሟል። በአየር ላይ የደረቀ ሞዴል ግን የማይንቀሳቀስ እንቅስቃሴ ነው” የሚል። ይህን በቁም ነገር እወስደዋለሁ፤ ፕሮፔለሩ ያን ያህል ያስቸገረንም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አስቡት። ፈረሱ የፊት እግሩን አንሥቷል፣ ጦሩ ወደ ደራጎኑ ወርዷል፣ መጎናጸፊያው ወደ ኋላ ተነፍቷል። ሠዓሊው ከታሪኩ ሁሉ አንዲት ቅጽበት መርጦ፣ የፈረሱን እግር፣ የእጁን አቅጣጫና የጨርቁን እጥፋት ለእሷ አስገዛ። ፈረሱ ስለማይራመድ ሥዕሉ ዋሸ የሚል ሰው የለም። የሚያስቀይመው ፈረሱ እየጋለበ መጎናጸፊያው ቁልቁል ቢንጠለጠል ነበር። በሞዴልም ሐሰቱ ያለው በመድረቁ ላይ አይደለም፤ ክፍሎቹ የተለያየ ሰከንድ ሲናገሩ ነው፤ ፍላፑ ማረፍን፣ ኤለሮኑ መገልበጥን፣ ፕሮፔለሩ መቆምን፣ አብራሪው እረፍትን ሲናገሩ።

ቦታ ይይዛል፣ አቧራ ይቀበላል የሚለውን እቀበላለሁ፤ ክዳን ያለው የመስታወት ሳጥን ከተገኘ ግን ያበቃል።

የቀረው ዘንጉ ነው። ብዙዎችን ከዚህ አሠራር ያራቃቸው ከሆድ ሥር የሚወጣው ወፍራም ፕላስቲክ ይመስለኛል፤ እውነትም ያስቀይማል። ሆኖም ክብደቱ ከጥቂት አሥርት ግራሞች የማያልፍ የ1/72 ስፒትፋየር ወፍራም ዘንግ አያስፈልገውም፤ ቀጭን የነሐስ ቱቦ ይበቃዋል። ክፍት ቱቦ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ሽቦ በውስጡ ያልፋል። በክር ማንጠልጠል የሚሻ ሰው ሦስት ቦታ ይሰር፤ በአንድ ወይም በሁለት ክር የታሰረ ሞዴል በሩ በተከፈተ ቁጥር ይወዛወዛል። ለጄት አውሮፕላን ዘንጉን ከኋላ በጭስ መውጫው ማስገባት ይቻላል፤ ለስፒትፋየር ግን ቦታው ክንፉ ከሆዱ የሚጋጠምበት ነው፤ ጥንካሬውም ሚዛኑም ያለው እዚያ ነው። ቱቦውን የሚቀበለው ቀዳዳና በውስጡ የሚለጠፈው ድጋፍ፣ ሁለቱ የአካሉ ግማሾች በሙጫ ከመጋጠማቸው በፊት መግባት አለባቸው፤ ድጋፉም ቀጥ ብሎ ሳይሆን አውሮፕላኑ በሚያዘነብልበት ልክ ዘንበል ብሎ ይለጠፋል። ስለዚህ የቀለሙ ጠርሙስ ሳይከፈት፣ ክንፉም ሳይነካ፣ ወረቀት ላይ በእርሳስ ሁለት መስመር ይሰመራል፤ አንዱ አድማሱ ነው፣ ሌላው ክንፉ።