ኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ ቢጠፋ ማን ይከፍተዋል?

ጉለሌ፣ ሽሮሜዳ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡና የሚያሰፉ ወጣቶችን እናስብ። የደንበኛ ልኬት፣ ስልክ ቁጥር፣ የሙሽሮች ፎቶ፣ የጥልፍ ዲዛይን... ይሄ ሁሉ ዛሬ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ወደ ስድስት ኪሎ ወረድ ስንል ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፉን አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ያስቀመጠ ተማሪ አይጠፋም።

ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይ ቢበላሽስ? ብዙዎቻችን መልሱን እናውቃለን፦ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ባክአፕ ማድረግ።

ግን እዚህ ጋ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሃርድ ዲስኩ ኪስ የሚገባ ዕቃ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ይረሳል፣ ከቦርሳ ይወጣል። የላፕቶፓችሁ ፓስዎርድ ደግሞ እሱን አይጠብቀውም። ያገኘው ሰው የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካው ሁሉም ፋይል ይከፈትለታል። ስለዚህ ባክአፕ ከመጥፋት ያድናል፣ ከሌላ ሰው ዓይን የሚያድነው ግን ኢንክሪፕት ማድረግ (መመስጠር) ነው። ፋይሎቹ ያለ ፓስዎርድ ትርጉም የለሽ ይሆናሉ።

📌 «ጎግል ድራይቭ አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?»

ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ ቶሎ ይሞላዋል። በዚያ ላይ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ያኔ ፋይሉ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ሰው መጠበቅ ብቻ ነበር አማራጩ። ሁለቱም ቢኖራችሁ ጥሩ ነው።

📌 የደንበኛ መረጃ የያዘ ሰው ደግሞ የሕግ ጉዳይም አለበት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ ለሥራው የሚይዝ አካል ተገቢውን የደህንነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

🔐 እንዴት ነው የሚደረገው?

1. ዊንዶውስ ፕሮ ካላችሁ ቢትሎከር አብሮት አለ። ሃርድ ዲስኩን ሰኩ፣ ስሙ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና «ተርን ኦን ቢትሎከር» የሚለውን ምረጡ።

2. ዊንዶውስ ሆም ከሆነ ቢትሎከር የተቆለፈውን መክፈት እንጂ ኤክስተርናል መቆለፍ አይችልም። ቬራክሪፕት የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ፤ ማክና ሊኑክስ ላይም ይሠራል።

3. ማክ ላይ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ገብታችሁ ኢሬዝ ስታደርጉ «ኢንክሪፕትድ» የሚለውን ፎርማት ምረጡ።

⚠️ ማክ ላይ ኢሬዝ ማድረግም ሆነ ቬራክሪፕት ላይ ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። አስቀድማችሁ ፋይሎቹን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ።

4. ቢትሎከር «ሙሉውን ዲስክ ወይስ የተያዘውን ቦታ ብቻ?» ብሎ ይጠይቃል። ዲስኩ አዲስ ከሆነ ሁለተኛው ይበቃል። ያገለገለ ከሆነ ግን ሙሉውን ምረጡ፤ ምክንያቱም ድሮ ያጠፋችኋቸው ፋይሎች ተመልሰው ሊወጡ ይችላሉ።

5. ሥራው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ጀምሩ። መሃል ላይ ኬብሉን አትንቀሉ።

🔑 ትልቁ አደጋ፦ ራሳችሁ ተቆልፋችሁ መቅረት

ፓስዎርዱ ከጠፋ ጥገና ቤት ብትወስዱትም ዋጋ የለውም፤ ሌባውን ያገደው ቁልፍ እናንተንም ያግዳችኋል። ቢትሎከር ለዚህ ብሎ 48 አሃዝ ያለው የመጠባበቂያ ቁልፍ ይሰጣል። እሱን ፕሪንት አድርጋችሁ ቤት፣ ወረቀታችሁ የሚቀመጥበት ቦታ አኑሩት። ከሃርድ ዲስኩ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት ግን በሩን ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ላይ እንደመተው ነው።

ቬራክሪፕት እንዲህ ዓይነት መጠባበቂያ ቁልፍ አይሰጥም። ስለዚህ ፓስዎርዱን ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ አያሳፍርም።

ፓስዎርዱ ስልክ ቁጥር ወይም የልደት ቀን አይሁን። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ስድስት የአማርኛ ቃላትን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ለማስታወስ ይቀላል፣ ለመገመት ግን ይከብዳል።

✅ ከዚያ በኋላ

ፎቶዎቹን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ወደ ሃርድ ዲስኩ ኮፒ አድርጉ። ሳምንታዊ ቀን ቁረጡለት። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ መሥራታቸውን እዩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አይታመንም።

ስትጨርሱ «ኢጀክት» ብላችሁ ንቀሉት። ዲስኩ ተከፍቶ እንደተሰካ ከቆየ ምስጠራው አይጠብቀውም። በግንቦት 2009 በብዙ ሀገራት ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ ዓይነት ቫይረስ የተሰካውን ሃርድ ዲስክም አብሮ ይቆልፋል። የተነቀለውን ግን አያገኘውም።

ሃርድ ዲስኩ ቢጠፋ የምትከስሩት የገዛችሁበትን ብር ብቻ ይሁን፤ የደንበኞቻችሁን ምስጢር አይሁን።

የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራ ላለ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።