ያገለገለ ባለሸራ ጀልባ ዋጋው ስንት ነው?

ለቤተሰብ የሳምንት መጨረሻ ጉዞ የሚፈለገው ባለሸራ ጀልባ ከ8 እስከ 11 ሜትር የሚረዝም፣ አራትና አምስት ሰው የሚያድርበት፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው ነው። አዲሱ ውድ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለውን ነው። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሠላሳና አርባ ዓመት የሠራ ጀልባ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደህና መኪና ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ መግዣው የረከሰ ጀልባ ማስተዳደሪያው አይረክስም።

ርካሽነቱ የመጣው ከፋይበርግላስ ነው። ከእንጨት የሚሠራ ጀልባ ካልተጠገነ ይበሰብሳል፤ ፋይበርግላስ ግን አሥርት ዓመታትን ይቆያል። ስለዚህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በብዛት የተመረቱት ጀልባዎች ዛሬም ውኃ ላይ አሉ። ካታሊና 30 ከነዚህ አንዱ ነው። በፍራንክ በትለር የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ6,000 በላይ ተሠርቷል። ርዝመቱ 9 ሜትር፣ ክብደቱ 4.6 ቶን ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ 1.9 ቶን የሚሆነው ኪል የሚባለው፣ ከሥሩ እንደ ክንፍ ወደ ውኃው የወረደው እርሳስ ነው። ንፋስ ሲበረታ ጀልባው ወደ ጎን ጋደል ቢልም መልሶ የሚያቀናው ይህ ክብደት ነው።

ጀልባ የሚመረጠው ግን በሚሄድበት ውኃ ነው። ለምሳሌ በዚሁ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከ6 ሜትር ተኩል አያልፍም። ዳር ዳሩ በጅረት አፎችና በጭቃማ ጥጎች የተሞላ ስለሆነ የካታሊና 30 መደበኛው 1.6 ሜትር የሚጠልቅ ኪል ባልታሰበ ቦታ ጭቃ ውስጥ ይቀረቀራል። ለዚህ አካባቢ ከዚያ ባነሰ የሚጠልቀው አጭሩ ኪል ይሻላል፤ ወደ ንፋሱ ሲወጣ ትንሽ ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ ቤተሰብ እሽቅድምድም የለበትም። የካታሊና 30 ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ በባሕረ ሰላጤው ዳር ያለችው አናፖሊስ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአናፖሊስ ተነሥቶ ማዶ ያለችው ሴንት ማይክልስ ለመድረስ ግን በሸራ ግማሽ ቀን ይጠፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ንፋሱ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ድንገት ይመጣል፤ ውኃው በሚለበልብ ጄሊፊሽ ስለሚሞላ ልጆች ለመዋኘት ይቸገራሉ። ደጉ ወቅት ፀደይና መኸር ነው።

ሻጩ ያጠበውና የወለወለው ጀልባ ብዙ አይናገርም። ገዢው ራሱ የቀጠረው መርማሪ በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ የላዩን ወለል እየመታ ይሄዳል። ድምፁ ጠንከር ያለ «ቀው» ከሆነ ደህና ነው፤ «ዱም» ብሎ የታፈነ እንደሆነ ግን በሁለቱ የፋይበርግላስ ንጣፎች መካከል ያለው እንጨት ውኃ ጠጥቷል። ውኃው የሚገባው መያዣዎችና ብረቶች በተበሱበት ቀዳዳ ዳር ነው፤ ጥገናውም ወለሉን ገልጦ እንጨቱን መለወጥን ስለሚጠይቅ አድካሚ ነው። ቀጥሎ ጀልባው በማንሻ ከውኃ ይወጣል። በቀድሞዎቹ ካታሊናዎች ላይ ኪሉና አካሉ በሚገናኙበት ከፊት በኩል ቀጭን ስንጥቅ ይታያል፤ ባለቤቶቹ «የካታሊና ፈገግታ» ይሉታል። ብሎኖቹ ጤናማ ከሆኑ አጥብቆ መሙላት ይበቃል፤ የዛጉ ከሆነ ግን ድርድሩ እዚያው ይቆማል።

ሞተሩን በተመለከተ አንድ ቀላል ብልሃት አለ። ገዢው ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍ። ከሞቀ ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ ማየት ግን የፈተናው ግማሽ ነው። ደቀሉን፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ፣ ወጥረው የያዙት የማይዝግ ብረት ገመዶችም ዕድሜ አላቸው፤ ከ10 እስከ 15 ዓመት ካለፋቸው ላያቸው ቢያበራም ይለወጣሉ። አንዱ ቢበጠስ ደቀሉ ሊወድቅ ይችላል።

ወደ ወጪው ሲመጣ፣ በዓመት የጀልባውን ዋጋ 10 በመቶ መያዝ ይበቃል የሚለው የተለመደ ስሌት ለአሮጌ ጀልባ አይሠራም። ወደቡ የሚያስከፍለው በርዝመቱ ነው፤ ማንሻውም፣ የታችኛው ቀለምም እንዲሁ። አዲስ ሸራ የሚሰፋው በደቀሉ ቁመት ልክ እንጂ በተገዛበት ዋጋ ልክ አይደለም። አዲስ ናፍጣ ሞተር ከነመግጠሚያው ከጠቅላላው ጀልባ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ባጭሩ፣ የ9 ሜትር ጀልባ በነጻ ቢገኝ እንኳ የ9 ሜትር ጀልባ ወጪ አለው።

በሰዓት ሲለካ ደግሞ ውድ የሚሆነው የባለቤቱ ቅዳሜ ነው። ሁለት ቀን ለመጓዝ ግማሽ ቀን ፓምፕ መፍታት የተለመደ ነው። በተለይ መጸዳጃው በእጅ የሚገፋ ፓምፕ ያለው፣ ቆሻሻው ባሕር ውስጥ ሳይሆን ወደብ ላይ ተመጥጦ የሚወጣበት ጋን ያለው ነው፤ አንድ ልጅ ያልተገባ ወረቀት ቢጥልበት ቅዳሜው በቱቦ መፍታት ያልቃል። ልጆች ካሉ ደግሞ ሌላ ወጪ አለ፦ ተንሳፋፊ ሰደርያ በየልካቸው ይገዛል፤ የአዋቂ ሰደርያ ከልጅ አንገት ላይ ተንሸራትቶ ይወጣል።

ኅዳር ላይ ጀልባው ወደ ደረቅ መሬት ወጥቶ ሞተሩና ቧንቧው በማይቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሞላል፤ ይህ ከተረሳ በረዶው የሞተሩን አካል ይሰነጥቃል። በጸደይ ከሥሩ ተፍቆ ይቀባል፤ ሞተሩ በሚያዞረው የብረት ዘንግ ላይ የሚታሰረው፣ ሌላው ብረት እንዳይበላ ራሱ የሚበላው የዚንክ ቁራጭም ይለወጣል።

ከዓመታት በኋላ መሸጥ ከመግዛት ይከብዳል። ገዢ ያጣ ጀልባ የወደብ ኪራይ እየቆጠረ ይቆማል። የማይበሰብሰው ፋይበርግላስ ያን ጊዜ ዕዳ ይሆናል፤ ከውስጡ ለቁራሌው የሚሆኑት የኪሉ እርሳስ፣ የደቀሉ አሉሚኒየምና ጥቂት ነሐስ ናቸው። የቀረው በመጋዝ ተቆራርጦ፣ ተከፍሎበት ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል።