አማካይ ውፍረት ያለው ብረት የለም

ከአጫጭር የስልክ ቪዲዮዎች እየተቀዳ በየብየዳ ቤቱ የሚዞር አንድ «ቀመር» አለ። ውፍረታቸው የማይመጣጠን ሁለት ብረቶች ሲበየዱ የሁለቱን ውፍረት ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 40 አምፔር ገደማ ቆጥሮ ማሽኑን ማስተካከል ነው። እስቲ በተለመደ ሥራ እንፈትነው። ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦላሬ 8 ሚሊ ሜትር ቤዝ ፕሌት ላይ ይቆማል እንበል። አማካዩ 4.75፣ አምፔሩም 190 ይሆናል። በዚህ መጠን ቱቦላሬው ወዲያው ይበሳል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 140 አምፔር ብቻ ነው የሚፈልገው። የቀመሩ ባለቤቶች አንድ ጊዜ ቢሞክሩት ኖሮ ቪዲዮውን ባልለጠፉት ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ «ስሱን አትብሳው» ብሎ አምፔሩን ለስሱ ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ይህኛው ስህተት ከፊተኛው የሚብሰው ሲያዩት ስለሚያምር ነው። ትክክለኛው መንገድ አምፔሩን ወፍራሙን ለማቅለጥ በሚበቃ መጠን መምረጥና ስሱን በእጅ አያያዝ መጠበቅ ነው።

ምክንያቱ ሙቀት ነው። በሁለቱም ብረቶች ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር የሆነች ቦታ እንውሰድ። የስሱ ክብደት 1.2 ግራም ያህል፣ የወፍራሙ ደግሞ 6.3 ግራም ያህል ነው። ብረትን ከክፍል ሙቀት አንሥቶ እስከ 1,500 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርሶ ለማቅለጥ በግራም ወደ 1.3 ኪሎ ጁል ይጠይቃል። በ80 አምፔርና በ24 ቮልት የሚነድ አርክ፣ ሩቡ ወደ አየር ጠፋ ብንል እንኳ፣ በሰከንድ ወደ 1.4 ኪሎ ጁል ለብረቱ ይሰጣል። ስለዚህ ስሱ በአንድ ሰከንድ ገደማ እስከ ጀርባው ይቀልጣል፤ ወፍራሙ ስድስት ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ይህም ሙቀቱ ወደ ጎን አይሸሽም ብለን ነው፤ እውነቱ ግን ይሸሻል። ልዩነቱን የሚያሰፋውም ይኸው ሽሽት ነው። በወፍራም ብረት ውስጥ ሙቀት ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል፤ በጋ ሙሉ የደረቀ ማሳ ውሃን በየአቅጣጫው እንደሚመጠው ማለት ነው። በስስ ብረት ግን መሄጃው ወደ ጎን ብቻ ስለሆነ እዚያው ይከማቻል። ዳንኤል ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስለ ብየዳ ሙቀት ባሳተማቸው የሂሳብ ሥራዎች ሁለቱን ሁኔታዎች ለየብቻ ያሰላቸው ለዚህ ነው። በእሱ ስሌት የገባው ሙቀት እኩል ሆኖ የስስ ብረት ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ፣ የመቀዝቀዣው ፍጥነት ወደ ሩብ ይወርዳል። ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ! መደመርና ማካፈል እንዲህ ያለውን ነገር ሊይዝ አይችልም።

አምፔሩ ለስሱ ብቻ ሲቀንስ የሚሆነው ይህ ነው። ከኤሌክትሮዱ የሚንጠባጠበው ብረት ቱቦላሬውን ያቀልጠዋል፣ ቤዝ ፕሌቱ ላይ ግን ሳይዋሐድ ይተኛል። ስላጉ ሲረገፍ መስመሩ ለስላሳና የተስተካከለ ነው፤ ባለቤቱም ደስ ብሎት ይከፍላል። የአሜሪካው የመዋቅር ብየዳ ደንብ ዲ1.1 የተሰላ ቅድመ ሙቀት ሳይኖር በተራ ኤሌክትሮድ ለሚሠራ የማዕዘን ብየዳ ትንሹን መጠን የሚያስቀምጠው በወፍራሙ ብረት ነው፤ ከ6 በላይ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ለሆነው 5 ሚሊ ሜትር። በርግጥ የብየዳው መጠን ከስሱ ውፍረት መብለጥ እንደማይጠበቅበት ይኸው ደንብ ያክላል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር ለሚሳሳ ብረትም አልተጻፈም። ቢሆንም ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሙቀቱን የሚወስደው ወፍራሙ ነው።

በተግባር ለዚህ ሥራ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በአምፔር ክልሉ ላይኛው ጫፍ፣ 80 ወይም 90 አምፔር ላይ ይያዛል። አርኩ የሚጫረው ቤዝ ፕሌቱ ላይ ነው። የቀለጠው ኩሬ እዚያ ሲከፈት ጠርዙ ቱቦላሬውን እንዲነካ ብቻ ይደረግና ቶሎ ይመለሳል፤ ከጊዜው ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው በወፍራሙ ላይ ያልቃል። አርኩ አጭር ይሁን፤ መስመሩም ባንዴ ሳይሆን አጫጭር ሆኖ ቦታ እየለዋወጠ ይሠራ። ልዩነቱ እንዲህ ሲሰፋ ግን ከሁሉ የሚሻለው ቤዝ ፕሌቱን በጋዝ ነበልባል ቀድሞ ማሞቅ ነው፤ የሞቀ ብረት የሚሰርቀው ሙቀት ያንሳል።

«ፖላሪቲውን መቀየር አይበቃም ወይ?» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በቲግ ብየዳ ኤሌክትሮዱ ኔጋቲቭ ሲሆን አብዛኛው ሙቀት ወደ ሥራው እንደሚሄድ የታወቀ ነው። በኤሌክትሮድ ብየዳ ግን የሽፋኑ ዓይነት ውጤቱን ይለውጠዋል፤ የባለሙያዎች ቃልም አንድ አይደለም፣ ስለዚህ የአምራቹን ማሸጊያ ማንበብ ይሻላል። በኤሲ የሚሠራ የትራንስፎርመር ማሽን ያለው ሰው ደግሞ ምርጫውም የለውም። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥርም ቢሆን በጭፍን አትመኑት፤ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም ገመዱ ረጅምና ቀጭን ሲሆን 90 የተባለው 90 አይደርስም። «ስንት ዓመት በዝቅተኛ አምፔር በይደናል፣ አንዱም በር አልወደቀም» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ ብዙ በር ብየዳውን እምብዛም አይጎትተውም። ነፋስ የሚወዘውዘው ምሰሶ ግን ይጎትተዋል።

መፈተኛው ርካሽ ነው። ከሁለቱም ብረቶች ቁራጭ ወስዳችሁ በአንድ ወገን ብቻ በይዱ፣ ሲቀዘቅዝ የብየዳው ሥር በሚከፈትበት አቅጣጫ በመዶሻ እጠፉት። ስሱ ራሱ ተቀዶ ብየዳው ቤዝ ፕሌቱ ላይ ከቀረ ይዟል። ከቤዝ ፕሌቱ ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ፣ አምፔሩ አንሷል ወይም አርኩ ስሱ ላይ ውሏል። አሠሪ ከሆናችሁም ሥራው ሳይጀመር ይህን ቁራጭ አሳዩን በሉ።