ከአሞራ ገደል እስከ ዶርዜ፦ በደቡብ መንገድ ላይ የሚገኘው ገበታ

ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ለምግብ ወዳጅ የሚሆን መንገድ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሣውን ይሰጣሉ፤ በላያቸው ያሉት ደጋዎች ደግሞ እንሰቱን። በመካከላቸው ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ተጓዥ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ከምንጫቸው ይቀምሳል።

ሐዋሳ ከዋና ከተማው 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር፣ ሌሊቱን መረብ ውስጥ የገባው ዓሣ ማለዳ በጀልባ ይወጣል። እዚያው ይገፈፋል፣ እዚያው ይሸጣል፤ አባ ኮዳዎችም የሚጣለውን ትርፍራፊ ለመልቀም በሰው መሃል ቆመው ይጠብቃሉ። በብዛት የሚወጣው ቆሮሶ ነው። በጥሬው በዳጣ የሚበሉት ጥቂት አይደሉም፤ ጥሬ ዓሣ ግን ጥገኛ ትላትል ሊኖርበት ስለሚችል ለእንግዳ ሰው ጥብሱና ሾርባው ይሻለዋል። ለጥብስ የሚሆነው ዓሣ ግራና ቀኙ በቢላ ይተለተላል፤ ዘይቱ እስከ አጥንቱ ዘልቆ እንዲያበስለውና ሥጋው በእጅ ሲነካ በቀላሉ እንዲላቀቅ ነው። ገበያው የጠዋት ነው፤ ረፍዶ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

አርባ ምንጭ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አናት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጫሞ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ትልቅና አጥንቱ ጥቂት በመሆኑ ለኮተሌትና ለጉላሽ ይመቻል። ይሁንና የዚህ ጉዞ ዋናው ምግብ ያለው ከከተማው በላይ፣ በጋሞ ደጋ ላይ ነው።

ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶርዜ በሽመናዋና በቀርከሃ ቤቶቿ ትታወቃለች። በየቤቱ ጓሮ ደግሞ እንሰት አለ። ተክሉ ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። ለምግብ የሚሆነው ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አምቾ ሲሆን፣ ለመድረስ እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። ቆረጣው ካለቀ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ የሴቶች ነው። ግንዱን ልጥ በልጥ ይገነጥሉና በተጋደመ ሳንቃ ላይ አስደግፈው፣ ጫፉን በእግራቸው ይዘው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይፍቁታል። ሲፋቅ የሚቀረው ጭረት ታጥቦና ደርቆ ቃጫ ይሆናል፤ ተጨምቆ የሚወርደው ውኃ ሲረጋ ከሥሩ ቡላ ይገኛል። ፍቁ ከተከተከተ አምቾ ጋር ይደባለቅና በኮባ ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል። እዚያም ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ለወራት ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ጊዜው ይረዝማል።

ከጉድጓድ የወጣው ቆጮ ወዲያው አይጋገርም። በውስጡ የቀሩት ክሮች እስኪያልቁ በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል፣ ይታሻል፤ ከዚያ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይጋገራል። የሚቀርበው ከማርና ከዳጣ ጋር ነው። ዳጣው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብረው የተፈጩበት ነው። ቆጮው ኮምጠጥ ይላል፤ ማሩ ኮምጣጣነቱን ያለዝበዋል፣ ዳጣው ደግሞ ያነቃዋል። ሦስቱን በአንድ ጉርሻ የቀመሰ ሰው ለምን አብረው እንደሚቀርቡ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። ሥጋም ቅቤም ስለሌለበት ለጿሚ መንገደኛም ይሆናል።

አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ውስጥ ቆጮ የክትፎ አጃቢ ነው፤ ብዙ ሰውም አንድ ሁለቴ ቀምሶት ይተወዋል። ዶርዜ ላይ ግን ራሱን የቻለ ምግብ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ከምጣዱ ሥር ሲበላ ጣዕሙ ከተማ ውስጥ ከሚታወቀው በእጅጉ ይለያል። ቆጮ አልወድም የሚል ሰው ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት አንድ ጊዜ እዚያ ሄዶ ይቅመሰው፤ ሲገዛም ፍቃ ከጋገረችው ሴት እጅ ይግዛ።