የሚፈስሰው ውኃ የማን ነው?

በወላይታ፥ በሁምቦ ወረዳ፥ በተበላ ከተማ በተከራየሁት ግቢ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ፥ በሕዝቡ አጠራር ሮቶ፥ በቆጥ ላይ ተቀምጦአል። የቧንቧችን ውኃ በፈረቃ፥ ይልቁንም በሌሊት ስለሚመጣ፥ ሮቶው የቤታችን ጎተራ ነው። አንድ ሌሊት ግን ጎተራው ሞልቶ ይፈስስ ጀመር። እኛም ዝናብ መስሎን ተኛን። ሲነጋ ውኃው አጥሩን አልፎ የታችኛውን ጎረቤታችንን የጭቃ ግድግዳ ሥር አርሶት አገኘነው።

ለባለቤቲቱ «እማማ፥ ዕቃው የእርስዎ ነውና ያሠሩት» ብል፥ «ልጄ፥ ውኃውንስ የሚጠጣው ማን ነው?» ሲሉ መለሱልኝ። ክርክራችን አንድ ሳምንት ቆየ፤ በዚያው ሳምንት ውኃው ዳግመኛ መጣ፥ ዳግመኛም ፈሰሰ።

በዚያ ሌሊት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሚፈስሰው ውኃ ሥር ብደቅን በ2 ደቂቃ ሞላ። ይኸውም በ8 ሰዓት 4,800 ሊትር፥ ማለት 240 ጀሪካን ነው። ሲነጋ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን አዝለው በደጃችን ሲያልፉ አይቼ አፈርሁ። በሁምቦ ተራራ ላይ ተራቁቶ የነበረው 2,700 ሄክታር ያህል መሬት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ከከብትና ከምሳር ስለ ተጠበቀ፥ ጉቶው አቆጥቁጦ ደን ለብሶአል። አገሬው ተራራ ሲጠብቅ እኔ አንድ በርሜል መጠበቅ አቃተኝ!

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የደረሰብህ እንደ ሆነ አስቀድመህ ውኃውን አቁም፤ ክርክሩ ይደርሳል። ክዳኑን ክፈትና ፍሎተር የሚባለውን ተንሳፋፊ ኳስ በእጅህ ወደ ላይ አንሣ። የሚገባው ውኃ ከቆመ ኳሱ ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበታል፥ ወይም ክንዱ ጎብጦአል። ካልቆመ ግን የመዝጊያው ጎማ አልቆአል፥ ወይም አሸዋ ገብቶበታል። ምክንያቱን ካወቅህ በኋላ የመግቢያውን ቧንቧ ዘግተህ አጽዳው ወይም አስለውጠው። ለትርፉም ውኃ ከግድግዳ የሚያርቅ ቦይ አብጅለት።

ስለ ወጪው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ በር፥ መስኮትና የቧንቧ መክፈቻ ያለውን ጥቃቅን ጥገና በተከራይ ላይ ያደርጋል፤ በእርጅና የመጣውን ብልሽት ግን ተከራይ እንዲሸከም አያስገድድም። ስለዚህ ቤት ስትከራይ የሮቶውን ነገር አስቀድመህ በውሉ አስጽፍ።

በእኛ ዘንድ ያለቀው ጎማው ነበርና፥ ጎማውን እኔ ገዛሁ፤ የባለሙያውን ዋጋ እማማ ከፈሉ። የጎረቤታችንን ግድግዳ ግን ሁለታችን በአንድነት አስመረግነው፤ በዚህስ ማን ይክፈል ብለን አልተከራከርንም።